ስለ ቤታችን ሽጉጥ፦ ለዋሽንግተንና አካባቢዋ የማኅበረሰብ መሪዎች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትገኙ የእድር ሊቃነ መናብርት፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የመስጊድና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ኮሚቴዎች፣ የኮሚዩኒቲ ማእከላት ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ስለ ጦር መሣሪያ ፈቃድ ለማኅበረሰባችን ትምህርት እንዲሰጥ ስለ መጠየቅ

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው ጉዳዩ በየቤታችን ገብቶ ሳለ በአዳራሾቻችን ስሙ ስለማይነሣ ነው። እድር ስንቀመጥ ስለ መዋጮ፣ ስለ አስከሬን መላኪያ፣ ስለ ልጆች የአማርኛ ትምህርት እንነጋገራለን። ስለ ሽጉጥ የምናወራው ግን ስብሰባው ካለቀ በኋላ፣ ፓርኪንግ ላይ ቆመን፣ ድምፃችንን ቀንሰን ነው። "እገሌ ገዛ አሉ"፤ "እኔም ላወጣ ነው"፤ "ቨርጂኒያ እኮ ምንም አይጠይቁም"። ፓርኪንግ ላይ የተቃረመ የሕግ ትምህርት ሰው ያሳስራል፤ የባሰም ያደርጋል።

መሣሪያ አትያዙ ልል አልመጣሁም። እኔ ራሴ ሜሪላንድ ውስጥ ፈቃድ አውጥቼ የምይዝ ሰው ነኝ። የመጠጥ መሸጫ እስከ ሌሊት ድረስ የሚጠብቅ፣ ነዳጅ ማደያ ከመስተዋት ጀርባ ብቻውን የሚያድር ወገናችን የሚፈራው በባዶ ሜዳ አይደለም። ፖሊስ ሲጠራ ቶሎ ላይደርስ እንደሚችል ያውቃል። "ራሴንና ቤተሰቤን ልጠብቅ" ሲል የሚሰማው ወኔ ደግሞ ከአባቶቹ የወረሰው ነው፤ ምንሽርና ዝናር የክብር ዕቃ ሆነው ግድግዳ ላይ በሚሰቀሉበት ቤት ያደግን ብዙዎች ነን።

ሕጉም ከጎኑ ነው። (ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ አንዱን የአገር ቤት አዋጅ ሳይጨምር፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 ሄለር በተባለው ጉዳይ ለራስ መከላከያ ሽጉጥ በቤት ማስቀመጥ የግለሰብ መብት ነው ብሎ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ፈረደ። ጉዳዩ የመጣው ከዚሁ ከዲሲ ነበር፤ ከተማዋ ከ1976 ጀምሮ ነዋሪዎቿ ሽጉጥ እንዳይኖራቸው ከልክላ ነበርና። ፍርዱ ግን በዚያው አፉ መብቱ ወሰን እንዳለው ተናግሯል፤ በከባድ ወንጀል የተፈረደባቸውን የሚከለክሉ፣ ትምህርት ቤትንና የመንግሥት ሕንፃን የሚጠብቁ ሕጎች እንዳሉ ይቆያሉ ብሏል።

በ2022 ብሩን የሚባለው የኒው ዮርክ ጉዳይ 6 ለ 3 ተወሰነ፤ ይህኛው ለእኛ ዓይነቱ ሰው ትልቅ ነገር ነበር። በድሮው አሠራር ኒው ዮርክም ሆነ ሜሪላንድ ሽጉጥ ይዤ ልውጣ የሚለውን ሰው "ከሌላው ሕዝብ የተለየ ምን ምክንያት አለህ?" ብለው ይጠይቁት ነበር። ምክንያቱ በቂ ነው አይደለም የሚለው ደግሞ ሹሙ ነው። እንዲህ ያለ በር ለማን እንደሚከፈትና ማን ደጅ ሲጠና እንደሚውል ለአበሻ አይነገረውም። ሰው ያለው ያገኛል፣ ሰው የሌለው ነገ ና ይባላል። ሜሪላንድ ያንን መስፈርት በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ተወች። ልብ በሉ፣ የወደቀው የሹሙ ውዴታ እንጂ ፈቃድ ራሱ አልወደቀም። አሻራ መስጠት፣ ባክግራውንድ ቼክ (የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያ) ማለፍ፣ መሠልጠን፣ እነዚህን አንድ ስቴት ሊጠይቅ እንደሚችል ዳኛ ካቫኖ በዚያው ፍርድ ላይ ባከሉት ሐሳብ ጽፈዋል። ለሁሉም እኩል የሆነ፣ አስቀድሞ የተጻፈ መስፈርት፣ ያሟላ ሁሉ የሚያገኘው ወረቀት። እኔ በነፃነቴ ላይ የተቃጣ ነገር አድርጌ አላየውም።

ወደ ፓርኪንግ ወሬያችን ልመለስ። እኛ የምንኖርበት አካባቢ ሦስት ሕግ በአንድ ሰፈር ውስጥ የተጋጠመበት ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ተኝተን፣ ዲሲ ሠርተን፣ እሑድ አሌክሳንድሪያ ለቅሶ እንደርሳለን።

ሜሪላንድ ከ2013 ጀምሮ ሽጉጥ ገዢው መጀመሪያ የመግዣ ብቃት ፈቃድ እንዲያወጣ ታዛለች። 21 ዓመት የሞላው፣ አሻራ የሰጠና ተኩስ ያለበት የ4 ሰዓት ሥልጠና የወሰደ ሰው ያገኘዋል። ከዚያ በኋላም ሽጉጡን ለመረከብ 7 ቀን መጠበቅ አለ። ይህ ሕግ መብት ይጥሳል ተብሎ ተከስሶ፣ ሪችመንድ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2024 በሙሉ ችሎት አጽድቆታል። ይዞ ለመውጣት ሌላ ፈቃድና የ16 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የመግዣውን ካርድ ይዞ የመታጠቂያ ፈቃድ ያለው ይመስለዋል።

"ምንም አይጠይቁም" የሚባልላት ቨርጂኒያም ትጠይቃለች። በሐምሌ 2020 ሥራ ላይ የዋለ ሕግ ከግለሰብ የሚገዛ መሣሪያ እንኳ ባክግራውንድ ቼክ እንዲያልፍ አዘዘ። መሣሪያ የጠፋበት ወይም የተሰረቀበት ሰው ማወቁን ተከትሎ በ48 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። በግልጽ መታጠቅ በአብዛኛው ያለ ፈቃድ ይቻላል፤ በልብስ ሥር ደብቆ ለመያዝ ግን የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠየቃል። አሌክሳንድሪያ ደግሞ በከተማዋ ሕንፃዎችና መናፈሻዎች ከልክላለች። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት መናፈሻ ሽጉጥ ታጥቆ የሚሄድ አባት ይህን ይወቅ።

ዲሲ እያንዳንዱ መሣሪያ በከተማው ፖሊስ ዘንድ እንዲመዘገብ ታዛለች። ለመታጠቅ የ16 ሰዓት ትምህርትና የ2 ሰዓት የተኩስ ልምምድ ትጠይቃለች፤ ፈቃድ ላለውም ሜትሮ ውስጥ አይቻልም። በቤተ እምነት ውስጥ ባለቤቱ ፈቅዶ ካልለጠፈ ወይም ካላስታወቀ በስተቀር እንደተከለከለ ይቆጠራል። ይህኛው በቀጥታ እናንተን ይመለከታል፤ ዲሲ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የምታስተዳድሩ ኮሚቴዎች፣ በዚህ ላይ ተቀምጣችሁ ወስናችሁ ታውቃላችሁ?

ዲሲም ሜሪላንድም የሌላ ስቴት ፈቃድ አይቀበሉም። ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ላይ ሕጋዊ የነበረ ሰው የ14ኛ ጎዳናን ድልድይ ወደ ዲሲ ሲሻገር፣ ወንዙን ሳይጨርስ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ውስጥ ሊገባ ይችላል። በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ መንገደኛን ይከላከላል፤ መነሻውም መድረሻውም ለእሱ ሕጋዊ ሲሆን፣ ጥይቱ ወጥቶ፣ መሣሪያውም ጥይቱም እጅ ከማይደርስበት ቦታ፣ ኋላ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ሲሆን። ክሩስኮቱ ሥር ያለው ሳጥን ቢቆለፍም አይቆጠርም። ከቨርጂኒያ ተነሥቶ ሜሪላንድ ወዳጁ ቤት ራት ለመብላት የሚሄድ ሰው፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያንን ሽጉጥ ለመያዝ ካልተፈቀደለት ይህ ሕግ አያድነውም።

ለሾፌሮቻችን አንድ ነገር በቅንፍ ላስገባ። ኡበርም ሊፍትም ሾፌር መሣሪያ ይዞ እንዳይሠራ ይከለክላሉ። የስቴቱን ፈቃድ ብታሳያቸውም አካውንቱን ከመዝጋት አይመለሱም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። አሜሪካዊ ዜጋ መሣሪያ አያያዝ ላይ ቢሳሳት ይቀጣል፣ ታስሮ ይወጣል፣ ኑሮውን ይቀጥላል። ግሪን ካርድ ያለው ግን በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት፣ ቀላል የሚባለው ጥፋት እንኳ ቢሆን፣ የኢሚግሬሽን ሕጉ ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። ሕጉ መግዛትን፣ መሸጥን፣ መያዝን፣ መታጠቅን ሁሉ ይጠቅሳል። ማንንም ማቁሰል አያስፈልግም። ሃያ ዓመት ግብር የከፈለ፣ ቤት የገዛ፣ ልጆቹን ዩኒቨርሲቲ ያስገባ ሰው፣ ቨርጂኒያ የገዛውን ሽጉጥ ወንበር ሥር ረስቶ ድልድይ በመሻገሩ የኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት ሊቆም ይችላል። ጠበቆች የሚያስጠነቅቁት አንድ ሌላ ነገር አለ፤ "ጥፋተኛ ነኝ በል፣ በገንዘብ ቅጣት ያልቃል" የሚል የወንጀል ጠበቃ ምክር ለዜጋ ጥሩ ሆኖ ለግሪን ካርድ ባለቤት ጥፋት ሊሆን ይችላል። የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክሩ አለመፈረም ነው።

በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው፣ እንደ አደን ፈቃድ ካሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ጨርሶ መሣሪያ መያዝ አይችልም። የወዳጁን ሽጉጥ ለፎቶ አንሥቶ መያዝ ራሱ ችግር ሊያመጣ ይችላል፤ ያንን ፎቶ ቲክቶክ ላይ የሚለጥፉ ልጆቻችንን ምን እንበላቸው? ጥገኝነት ጠይቀው ውሳኔ የሚጠብቁም ጠበቃቸውን ሳይጠይቁ ወደ ሱቁ ባይሄዱ ይሻላቸዋል።

እዚህ ላይ የእኛ ደግነት ወጥመድ ይሆናል። "ወንድሜ ወረቀት የለውም፣ እኔ በስሜ ልግዛለት" የሚል ሰው ደግ ሥራ የሠራ ይመስለዋል። ገንዘቡን ተቀብሎ ለሌላ ሰው መግዛት ግን የፌዴራል ወንጀል ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 እንደወሰነው፣ ያኛው ሰው ራሱ መግዛት የሚችል ቢሆን እንኳ፣ ገዢው እኔ ነኝ ብሎ ሱቁ በሚያስሞላው የፌዴራል ፎርም ላይ መፈረም ውሸት ነው። ከ2022 ወዲህ ደግሞ መግዛት ለማይችል ሰው መግዛት እስከ 15 ዓመት ያሳስራል።

ፎርሙ ላይ ሌላም ጥያቄ አለ፤ ማሪዋና ወይም ሌላ የተከለከለ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ ይላል። ሜሪላንድ ማሪዋናን ለአዋቂ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ብትፈቅድም የፌዴራሉ ሕግ አልፈቀደም፤ ፎርሙም ይህንኑ ያስጠነቅቃል። ጫትስ? በትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራሉ ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ ደረጃ የተመዘገበ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር የሚቅም ሰው፣ ለእሱ ጫት ማለት ጨዋታና ቡና ነው፣ ፎርሙ ላይ "አይ" ብሎ ሲፈርም በፌዴራል መንግሥት ፊት በሐሰት መፈረሙን ማን ነገረው? ይህ ክልከላ በየፍርድ ቤቱ ክርክር እየቀረበበት እንዳለ አውቃለሁ። ክርክሩ እስኪያልቅ መሞከሪያ መሆን የሚፈልግ ካለ ምርጫው የራሱ ነው።

እስካሁን ስለ ግለሰቡ ጥቅም ጻፍኩ። ስለ ጎረቤቱ ደግሞ ትንሽ ልጻፍ።

አገር ቤት መሣሪያ በብዛት በሚታጠቅበት ገጠር፣ መንግሥት በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1177ን አውጥቶ ፈቃድን በሕግ ከመደንገጉ ከብዙ ዘመን በፊት ሌላ ቁጥጥር ነበር። ሰፈሩ ያውቃል። ማን ሲጠጣ እንደሚከፋ፣ ማን ደም እንዳለበት፣ ማን ከሚስቱ ጋር እንደተጣላ ያውቃል። ሽማግሌ ይገባል፣ ይገዝታል፣ ካሣ ያስከፍላል፣ ደም ያደርቃል። ያ ዓይን ሁልጊዜ ሠርቷል ማለቴ አይደለም፤ የደም መመላለስ ስንቱን ደጅ እንደዘጋ የሚያውቅ ያውቃል። ቢሆንም ዓይን ነበር። እዚህ ግን በአንድ አፓርትመንት አሥር ዓመት ኖረን የፊት ለፊቱን ሰው ስም አናውቅም። እሱም የእኛን አያውቅም። ለዚህ ለማያውቀኝ ሰው "ይህ ጎረቤትህ ሪከርዱ ታይቷል፣ አያያዙን ተምሯል" ብሎ የሚናገርልኝ ያ ወረቀት ብቻ ነው። ሽጉጤ ግድግዳ በስቶ የሚሄድ ጥይት የሚተፋ ከሆነ፣ ግድግዳው ማዶ የተኛው ሰው ይህን ያህል ሊጠይቀኝ መብት የለውም እላለሁ? ለእኔ ከባድ ሆኖ የሚታየኝ ተቃውሞ የዋጋው ነው። ለሥልጠና፣ ለአሻራ፣ ለማመልከቻ የሚወጣው ተደምሮ ሌሊት የሚሠራውን ድኻ ይጫነዋል፤ ሀብታም ሰፈር የሚኖረው ግን አይሰማውም። እዚያ ላይ ለስቴቱ ምክር ቤት የምንለው ነገር አለን፤ ክፍያው ይቀነስ ብለን አብረን ብንጽፍ እፈርማለሁ።

ፈቃድ ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚሉ፣ እዚሁ ባልቲሞር ያለው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሁለት ስቴቶችን አጥንተዋል። ኮነቲከት በ1995 የመግዣ ፈቃድ ስትጀምር በመሣሪያ የሚፈጸም ግድያ መቀነሱን፣ ሚዙሪ በ2007 የራሷን ስትሰርዝ መጨመሩን አግኝተዋል። ጥናት ነውና ይከራከሩበታል። እኔ ግን ከዚያ ይልቅ ወረቀቱ የማያየው ነገር ያሳስበኛል።

በ2023 በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ከሞቱት 46,728 ሰዎች መካከል ወደ 27,300 የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ይህን ቁጥር ለወዳጆቼ ስነግር ማንም አያምነኝም፤ ሁሉም የሚያስበው ሌባን ነው። ሽጉጥ የምንገዛው በር ሰብሮ ለሚገባ ሰው ነው፣ ብዙውን ጊዜ የሚሞትበት ግን የቤቱ ሰው ነው። እኛ ደግሞ "ሆድ ይፍጀው" እያልን ያደግን ነን። ሥራ ያጣ፣ ትዳሩ የፈረሰ፣ የአገር ቤት ወሬ እንቅልፍ የነሣው ሰው ማኅበር ላይ እየሳቀ ጠላ ይጠጣል። ፈቃዱን ያወጣው ደኅና ሳለ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ፖሊስ አያውቅም። የሚያውቁት የእድር ጓደኞቹ ናቸው።

እንዲህ ላለ ጊዜ ሕጉ መንገድ አበጅቷል። ሜሪላንድ ከጥቅምት 2018 ጀምሮ የትዳር ጓደኛ፣ ዘመድ፣ ሐኪም ወይም ፖሊስ ፍርድ ቤት ሄዶ፣ ለራሱ ወይም ለሌላው አደገኛ የሆነ ሰው መሣሪያውን ለጊዜው እንዲያስረክብ መጠየቅ ይችላል። ዲሲም ተመሳሳይ ሕግ አላት፤ በቨርጂኒያ የሚያመለክተው ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ነው። ትእዛዙ ራሱ የወንጀል ክስ አይደለም። ሰውየው ፈቃደኛ ከሆነ ደግሞ ሽጉጡን ለጊዜው ከቤት ማውጣት ይቻላል። ለወዳጅ ከመስጠት በፊት ግን ፖሊስን ወይም ፈቃድ ያለው ነጋዴን መጠየቅ ያሻል፤ ዝም ብሎ አሳልፎ መስጠት በአንዳንድ ሁኔታ ራሱ ጥፋት ነውና። ራስን የማጥፋት ሐሳብና ጭንቀት ለያዘው ሰው ወደተዘጋጀው የእርዳታ መስመር፣ 988 ብሎ የደወለ ሰው ሌሊትም ቀንም የሚያናግረው ያገኛል፤ በአስተርጓሚም ይሠራል።

ሚስትን መምታት ላይ አጭር ልሁን። በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት፣ ወይም ፍርድ ቤት ቀርቦ የመከላከያ ትእዛዝ የተሰጠበት ሰው መሣሪያ መያዝ አይችልም፤ ሁለተኛውን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 8 ለ 1 አጽንቶታል። ሽማግሌ ሆነን ለማስታረቅ ስንገባ "ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ ወይ?" ብለን መጀመሪያ እንጠይቅ። ካለ፣ ጉዳዩ ከሽምግልና በላይ ነው።

ልጆችስ? በ2018 ደቡባዊ ሜሪላንድ፣ ግሬት ሚልስ በተባለ ትምህርት ቤት፣ የ17 ዓመት ልጅ የአባቱን ሽጉጥ ይዞ ሄዶ የ16 ዓመት ተማሪ ገደለ። በሟቿ ስም የተሰየመው ሕግ ከጥቅምት 2023 ጀምሮ የዕድሜውን ገደብ ከ16 ወደ 18 ከፍ አድርጎታል፤ ከዚያ በታች ያለ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ መሣሪያ ማስቀመጥ ባለቤቱን ያስጠይቃል። እኛ ቤት የተለመደው ቦታ ፍራሽ ሥር ወይም ቁምሳጥን አናት ላይ ከጋቢው ጀርባ ነው። ልጆች ከእኛ በፊት ያውቁታል። የሚቆለፍ ሳጥን የአንድ ልደት ድግስ ያህል እንኳ አያስወጣም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። ከመጪው የበዓል ሰሞን በፊት በየአዳራሾቻችሁ አንድ ቅዳሜ መድቡልን። የወንጀልና የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቁ ጠበቆች፣ ፈቃድ ያለው አሠልጣኝና አንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ተቀምጠው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ጥያቄ ይመልሱ። ካሜራ አይኑር፣ ስም አይመዝገብ፤ አለበለዚያ የሚያስፈልገው ሰው አይመጣም። ሕጉ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ይዞ ሱቅ የሚሄድ አይኑር፤ ቀኑም በየዓመቱ ይደገም። እድሮች ከመጠባበቂያው ገንዘብ ጥቂት አውጥታችሁ የቃታ ቁልፍና የሚቆለፍ ሳጥን በጅምላ ግዙና ለአባላት በዋጋው አቅርቡ። አስከሬን ለመላክ የምናዋጣ ሰዎች ለዚህ አናንስም። የቤተ እምነት ኮሚቴዎች ደግሞ በግቢያችሁ ውስጥ ማን ሊታጠቅ እንደሚችል በቃለ ጉባኤ ወስናችሁ በር ላይ በሦስቱም ቋንቋዎችና በእንግሊዝኛ ለጥፉት፤ ጥበቃ የምትቀጥሩ ከሆነ በሕግ የሠለጠነና ፈቃዱ የታየ ይሁን፤ ጎበዝ ስለሆነ ብቻ የተመረጠ ምእመን አይሁን።

መልሳችሁን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጠብቃለሁ። አጀንዳ ሲዘጋጅ "ልዩ ልዩ" ከሚለው ሥር እንዳትከቱት አደራ፤ እዚያ ስንደርስ ሰው ኮቱን ለብሷል።

ከአክብሮት ጋር

አንድ የእድር አባል
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ